ስለ መቅመቆ ጠይቁኝ፣ ስለ ግፊት ሐኪማችሁን

ባለፈው ስለ ቅቤ ቅመሙ ኮሰረት ስናወራ ግማሹ ሰው ወደ መቅመቆ ነጎደ፤ ሥሩ ቅቤ ሲነጠር ወደሚገባው፣ ሰው ለግፊትም እያለ አፍልቶ ወደሚጠጣው ተክል። ዛሬ እሱን ብቻ ጠይቁ። አንኮበር ነው ያደግሁት፤ ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ይሄ ይሰመርበት።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ ሜዳ ላይ ሳየው ከቱልት ጋር ይምታታብኛል። በምን ልለየው?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው! መቅመቆ፣ ቱልትና እምቧጮ ሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። ሳይንሱ ሦስቱንም ሩሜክስ ይላቸዋል። እምቧጮ ቁጥቋጦ ነው፤ ግንዱ እንጨት ይሆናል። ከብት ስንጠብቅ ለጋውን ልጠን እንበላው ነበር፤ ይኮመጥጣል። ቱልት አጠር ያለ ነው፤ መንገድ ዳርና ግጦሽ ላይ አይጠፋም። ፍሬውን አስጠግታችሁ እዩት፤ ዙሪያውን እንደ መንጠቆ የታጠፉ ጥርሶች አሉት፣ ልብስ ላይ ይጣበቃል። መቅመቆ ይህ መንጠቆ የለውም። ቁመቱም ከሰው ያልፋል፤ 3 ሜትር የሚደርስ አለ። ሰፊው ቅጠል ከሥሩ ግራና ቀኝ ጆሮ ያወጣል። አበባው ጥቃቅን ነው፤ ከላይ ተንዠርግጎ ሲበስል ቀላ ይላል። አደይ የለመደ ዓይን አበባ ብሎም አይቆጥረው። ዋናው ምልክት ግን ሥሩ ነው፤ ወፍራም፣ ሲቆረጥ ውስጡ ብርቱካናማ ቢጫ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ለደም ግፊት በሻይ ስንት ማንኪያ ልጠጣ?

መልስ፦ ማንኪያ አልቆጥርልህም። ሐኪምህን ጠይቅ። ኪኒንህንም እንዳታቆም።

ከመንዝ፦ ቅቤ ሲነጠር ለምንድን ነው የሚገባው?

መልስ፦ ለቀለሙ፣ ለማጥራትም። እናቴ አረፋው ረገብ ሲል ቁንጥር ዱቄት ጣል ታደርግ ነበር። ቁንጥር ነው ያልኩት! ሲበዛ ይመርራል። የተረፈውን እህቶቼ እንደ እንሶስላ እጅና እግራቸውን ያቀሉበታል። ያኔ ቤታችን ውስጥ ቀለም ያልነካው ጨርቅ አልነበረም።

ሌላዋ ከመንዝ፦ እኛ ጋ እርድ ነው እንጂ መቅመቆ ማን ያስገባል?

ከአንኮበር፦ እርድ በብር ነው የሚገዛው። መቅመቆ ደጅ ላይ ነው።

ሌላዋ ከመንዝ፦ አያቴ በእርድ ነበር የምታነጥረው።

ከአንኮበር፦ አያትሽ ሀብታም ነበሩ በይና!

ከደብረ ሲና፦ ኧረ ተዉት፣ ኮሰረት የሌለበት ቅቤ ምኑ ቅቤ ነው?

መልስ፦ ኮሰረት ባለፈው አልቋል። ወደ ሥሩ እንመለስ።

ከጣርማ በር፦ ጋሼ፣ መቅመቆ ጥሩ ነው?

መልስ፦ ለምኑ? ለቅቤ? ለሆድ? ለእግር ቀለም? ጥያቄህን ጨርሰህ ና።

ከደብረ ሲና፦ እርጉዝ ነኝ፤ ሆዴ ደርቆ ተቸግሬያለሁ። ሰዎች መቅመቆ አፍልተሽ ጠጪ አሉኝ።

መልስ፦ አይሆንም እህቴ። ሥሩ ውስጥ አንትራኩዊኖን የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ ሰነመኪም ሆድ የሚያስኬደው በነዚሁ ነው። እርጉዝና የምታጠባ እናት አይጠጡት። ኦክሳሊክ አሲድም ስላለው ኩላሊቱ ጠጠር ያለበት ይራቀው። ቅቤ ላይ እንደ ቅመም ጣል ማድረግና በብርጭቆ አፍልቶ መጠጣት ለየቅል ናቸው። ነገ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ከሳሲት፦ ዱቄቱን ገበያ ላይ ልግዛ?

መልስ፦ ሥሩን ግዛ። ሰብረህ ውስጡን እይ። ዱቄትማ ምኑም ቢጫ ነው።

ከአንኮበር፦ ጓሮ ውስጥ ይያዛል?

መልስ፦ በደንብ! እንዲያውም ሁላችሁም እንድትተክሉ ነው የምለምነው። ቡቃያ ያለበት የሥር ቁራጭ ውሰዱ፣ ክረምት ሲገባ እርጥበት የሚይዝ ቦታ ቅበሩት። ከዱር ስታወጡ ግን ግማሹን ሥር ትታችሁ አፈር መልሱበት። እኛ ሰዎች ሥር ካገኘን ጉድጓዱን እስከ ድንጋዩ ነው የምንወርደው። ድንገተኛ የሚባለውን የመድኃኒት ተክል አስታውሱ። ለሆድ ቁርጠት እየተባለ ሥሩ ተነቅሎ ተነቅሎ፣ ዛሬ በዱር ማግኘት ከባድ ሆኗል። ቅጠል የሚቆረጥለት ተክል መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ የተነቀለ ምን ይዞ ይመለሳል? ልጆች ሆነን አንድ ዳገት ላይ መቅመቆ ከእኛ በላይ ቆሞ እንደበቅበት ነበር። አሁን ያ ዳገት ባሕር ዛፍ ብቻ ነው።

ከይፋት፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ገባሁ። ለግፊት በቀን ስንቴ ነው?

ከመንዝ፦ ወንድሜ፣ ጋሼ ሳያዩህ ከላይ አንብብ።

መልስ፦ አይቼዋለሁ።