«ያደረሰኝ ጫቱ ነው» እና ሌሎች የሹፌሮች ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የጭነት መኪና ይዘው ረጅም መንገድ ከሚመላለሱ ሰዎችና ከቤተሰቦቻቸው የመጡ ናቸው። ያሳጠርኳቸው አሉ። ስም አልጠቅስም፣ የባሕር ዳር ሠፈራቸውን ብቻ።

ከአባይ ማዶ፦ «በወረታ፣ በጋሸና፣ በወልድያ አድርጌ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። ሌሊት ያለ ጫት መንዳት አልችልም። ሰው ሁሉ ተው ይለኛል፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ በሰላም ያደረሰኝ ጫቱ ነው። እውነት ያን ያህል ይጎዳል?»

ወንድሜ፣ ባሕር ዳር ላይ ሆኖ ጫትን ማውገዝ ትንሽ ያስቸግራል፤ አዲስ አበባ ድረስ በከተማችን ስም የሚሸጥ ነገር ነው። ስለዚህ ስብከቱን ልተወው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል። ልብ ያስመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሆድም ያደርቃል። (ኪንታሮቱ ከየት መጣ የምትሉ ካላችሁ አንዱ መንገድ ይሄ ነው፤ ሌላው ቀኑን ሙሉ መቀመጥ።) እንቅልፍን ግን አይተካም። ይደብቀዋል እንጂ። ምርቃናው ሲበርድ የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ ይመጣል፤ ያኔ ዓይንህ እንደተገለጠ አእምሮህ ለጥቂት ሰከንዶች ይተኛል፣ አንተም መተኛትህን አታውቀውም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄድክ 4 ሰከንድ ብትተኛ መኪናው ያለ ሹፌር ከ65 ሜትር በላይ ሄዷል ማለት ነው። ያውም ከነተሳቢው፣ ያውም ቁልቁለት ላይ።

17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው፣ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ባልተናነሰ ምላሹ ይዘገያል። አንድ ጠብታ ሳይጠጣ! በተለይ ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት፣ ቀን ደግሞ ከምሳ በኋላ ሰውነት በተፈጥሮው ይዝላል፤ ጉብዝና አይመልሰውም። ከቻልክ በነዚህ ሰዓቶች አትንዳ። የግድ ከሆነ ሰው ያለበት ቦታ ቁም፣ ቡና ጠጣና ወዲያው ለ20 ደቂቃ ጋደም በል። ቡናው ጉልበቱ የሚሰማህ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ስለሆነ ስትነሳ ሁለቱም አብረው ያግዙሃል። ይህ የሚያስኬድህ ግን ለትንሽ ጊዜ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ አይደለም። ጨብሲውንም፣ ምርቃናውን ለማብረድ መጠጣቱን ማለቴ ነው፣ እርሳው። ቢራ ቶሎ ያስተኛል፣ እንቅልፉን ግን ይቆራርጠዋል፤ ጠዋት ደክሞህ ትነሳና እንደገና ጫት ፍለጋ ትወጣለህ።

ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ አንተ ላይ አልከምርም። በቢያጆ (በምልልስ ቁጥር) የሚከፈለው ሰው ቆሞ ቢተኛ የሚጎድለው የልጆቹ እንጀራ ነው፤ ባለ መኪናው በየሰዓቱ እየደወለ «የት ደረስክ?» ሲለው ምን ያድርግ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎ ወስኗል። ወረቀት ላይ። ይህን የምታነቡ ባለንብረቶች፣ ሁለተኛ ሹፌር መቅጠር የተገለበጠ መኪና ከማንሳት ይረክሳል።

ከሽምብጥ፦ «ባለቤቴ ሹፌር ነው። ቤት ሲመጣ ማንኮራፋቱ ግድግዳ ያናጋል። አንዳንዴ ትንፋሹ ቀጥ ይልና ደንግጬ እቀሰቅሰዋለሁ። ቀን ምሳ እየበላ ያንቀላፋል። ድካም ነው ይለኛል።»

እህቴ፣ ድካም ብቻ አይመስለኝም። አንቺ የምትነግሪኝ በእንቅልፍ ሰዓት የአየር መንገድ እየተዘጋ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሕመም ምልክት ነው። እሱ ተኝቶ ያደረ ይመስለዋል፣ አእምሮው ግን ሌሊቱን ሙሉ ለአየር ሲነቃ ያድራል። ጠዋት ራሱን የሚያመው ከሆነና አንገቱ ወፍራም ከሆነ (በወንድ ከ43 ሴንቲ ሜትር በላይ) ጥርጣሬው ይበረታል። የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ውሰጂው፤ ግፊቱንም ይለካ። እስከዚያ በጎኑ ይተኛ፣ ማታ መጠጥ ይቅርበት፣ ኪሎም ይቀንስ። «እኔ ደህና ነኝ» ካለሽ ሲያንኮራፋ በስልክሽ ቅጂና አሰሚው። ከክርክር ይሻላል።

ከቀበሌ 14፦ «መንገድ ላይ ሽንት እንዳይመጣብኝ ውኃ አልጠጣም። መቆሚያውም ያሰጋል። ጎኔን እየወጋኝ ነው።»

ስጋቱ ይገባኛል፤ በዚህ ዘመን የትም ቁም አይባልም። ነገር ግን አፋር ውስጥ ባለው የሚሌ ሙቀት ላብህ እየወረደ ውኃ ካልጠጣህ ለኩላሊት ጠጠር እየተዘጋጀህ ነው። ጠጠርን ለመከላከል የሚመከረው በቀን 2.5 ሊትር ያህል ሽንት እስኪወጣ መጠጣት ነው። ሽንትህ እንደ ጠላ ከጠቆረ አልጠጣህም ማለት ነው። ለሽንትህ ሰፊ አፍ ያለው ባለ ክዳን ጄሪካን ጋቢና ውስጥ ያዝ፣ አትፈር። ውጋቱ ላይ ትኩሳት ከተጨመረበት ወይም ሽንትህ ደም ከቀላቀለ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ግባ።

ከድባንቄ፦ «የፊቴ ግራ ጎን ከቀኙ ይልቅ ጠቁሮ ተጨማደደ። ሰው ያሾፍብኛል።»

ጋሼ፣ ፀሐይ ነው። የእኛ መሪ በግራ ስለሆነ መስኮቱ የሚያርፍብዎት በዚያው ጎን ነው። ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን በ2012 እ.ኤ.አ. የአንድ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ሹፌር ፎቶ አውጥቶ ነበር፤ ለ28 ዓመት ነድቶ የግራ ፊቱ የሌላ ሽማግሌ ይመስላል። መስታወት የሚያቃጥለውን ጨረር ቢይዝም ቆዳ የሚያስረጀውን በብዛት ያሳልፋል። መጋረጃ ያድርጉ፣ ፊትዎን የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይቀቡ። የማይድን ቁስል ወይም መልኩን የቀየረ ነጥብ ካዩ ግን ያሳዩ።

ከዘንዘልማ፦ «ረዳት ነኝ። ከወራት በፊት አባይ በረሃ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎን ተገለበጥን። እኔ ተረፍኩ፣ ሹፌሩ ሞተ። አሁን የፍሬን ድምፅ ስሰማ ያልበኛል፣ ሌሊት እየጮህኩ እነቃለሁ። ጓደኞቼ ወንድ ሁን ይሉኛል፣ እናቴ ጸበል ሂድ ትላለች።»

ነፍስ ይማር፣ አንተንም እግዜር ያጽናህ። ጓደኞችህ ተሳስተዋል። እንዲህ ካለ አደጋ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት መደንገጥ የማንም ሰው ነገር ነው። ቅዠቱ፣ ድንጋጤው፣ መንገዱን መሸሹ ከአንድ ወር ካለፈ ግን ሕክምና ያለው ሕመም ነው፤ በዋናነት በንግግር፣ አንዳንዴም በመድኃኒት ይታከማል። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄደህ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጠይቅ። እናትህንም አታሳዝናት፣ ጸበሉን ሂድ፤ መድኃኒት ከታዘዘልህ ግን ጸበል ገባሁ ብለህ እንዳታቋርጥ።

«ለምን እኔ ተረፍኩ?» የሚል ሐሳብ ይመላለስብህ ይሆናል። አንተ ፍሬኑን አልሰበርክም። ይህን ለባለሙያው ንገረው፣ ዋናው ቁስል ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ማታ ማታ ጠጥቶ መተኛት ቅዠቱን ያራዝመዋል። ወደ ጋቢና ለመመለስም አትቸኩል፤ ጊዜው ሲደርስ መጀመሪያ የቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥ፣ ከዚያ ከምታምነው ሰው ጋር እዚሁ ቅርብ መሸንቲ ድረስ ደርሶ መመለስ ይበቃል። ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ያንኑ ቀን ለእናትህ ነግረህ ድንገተኛ ክፍል ግባ።

ከሕዳር 11 ሠፈር፦ «ከመተማ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንቴ ነው፣ ብርድ ብርድ ይለኛል። ወባ ከሆነ ያኔ አይዘኝም ነበር?»

ወባ ከተነከስክ በኋላ ከ7 እስከ 30 ቀን ቆይቶ ሊነሳ ይችላል፣ አንዱ ዓይነት እንዲያውም ከወራት በኋላ ያገረሻል። ከፋርማሲ ክኒን ገዝተህ አትዋጥ። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄደህ ደም ስጥ፣ መተማ እንደነበርክም ንገራቸው።