«ምንም አልጠይቅም» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

ባለፈው ጥር ደብረ ብርሃን ሄጄ ሳለሁ አንዲት እናት ቤታቸው ጠሩኝ። ልጃቸው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ውስጥ ከ11 ዓመት ትዳር በኋላ ተፋታለች። ባሏ ሲማርና ሲሠራ ሁለት ልጆች አሳድጋ ቤቱን ይዛ የኖረች እሷ ናት። ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት አስፈርመዋታል፤ ፍቺውም በዚያው ጸድቋል። እናትየው «ቀለብ አይቆርጥላትም ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ መልሱ ከበደኝ። ሳትፈርም ብትጠይቅ ኖሮ ሊቆረጥላት ይችል ነበር።

መንዝም ሆነ ሞረት ላደግን ሰዎች ፍቺ ማለት ንብረት መካፈል ነው። ከብቱ ይቆጠራል፣ ቤቱ ይገመታል፣ ያበቃል። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የጋራ ንብረት እኩል ይካፈል ይላል። ክርክሩ እስኪያልቅ ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከፍቺ በኋላ ለቀድሞ ሚስት በየወሩ ቀለብ መቁረጥ ግን እኛ ዘንድ የተለመደ አይደለም።

ሜሪላንድ ሌላ ነው። ዳኛው ለቀድሞ ሚስት ወይም ባል ቀለብ ለመቁረጥ ትዳሩ የቆየበትን ዘመን፣ የሁለቱን ገቢ፣ ዕድሜና ጤና፣ ማን ለማን ሲል ትምህርቱን ወይም ሥራውን እንደተወ ይመዝናል። አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ተቀባዩ ተምሮ ወይም ሥራ ይዞ ራሱን እስኪችል ነው፤ በእርጅና ወይም በሕመም ራሱን መቻል ለማይችል ያለ ጊዜ ገደብ ሊወሰን ይችላል። ባልም መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ግን ፍቺው ከመጽደቁ በፊት መቅረብ አለበት። ሕጉ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ የምትኖሩበትን ግዛት ጠበቃ አማክሩ፤ የባለቤታችሁን ጠበቃ ሳይሆን የራሳችሁን።

ሚስትህን ከአገር ያመጣህ ወንድሜ፣ አንተም ስማ። ለመኖሪያ ፈቃዷ የፈረምከው ቅጽ አይ-864 በፍቺ አይሰረዝም። ዜግነት እስክታገኝ፣ የ40 ሩብ ዓመት ሥራ እስኪቆጠርላት፣ ወይም የመኖሪያ ፈቃዷን ትታ አሜሪካን ለቃ እስክትሄድ ድረስ ኑሮዋ ከድህነት መስመሩ 125 በመቶ በታች እንዳይወርድ ቃል ገብተሃል። ራሷ ከስሳ ልታስከፍልህ ትችላለች።

እኔም ሽማግሌ ሆኜ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ሽምግልና ክቡር ነው፤ የሚያምርበት ግን ሲያስታርቅ ነው። አንዲት እናት ያልገባትን ወረቀት በይሉኝታ እንድትፈርም ማድረግ ግፍ ነው።

አገር ቤት የተሠራውንም ቤት አትርሱ። በአገራችን ሕግ በአንዳችሁ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ደብረ ብርሃን ወይም ሸዋ ሮቢት ላይ በወንድም ስም ከተሠራ ግን ክርክሩ ከባድ ነው፤ የላካችሁበትን የባንክ ደረሰኝ ከዛሬ ጀምራችሁ አስቀምጡ።

ለእናትየው አንድ ነገር ነገርኳቸው፤ የልጆች ቀለብ የልጆቹ መብት ስለሆነ እናት ፈርማ ልትተወው አትችልም። ልጃቸው በማግስቱ ደወለችልኝ፤ በዚያው ሳምንት ማመልከቻውን አስገባች።