ጎረቤታችሁ ሲታሰር ምሳ ይዛችሁ ሂዱ

ዕድሜዬን የጨረስኩት በምሥራቅ ጎጃም ፍርድ ቤቶች ነው፤ መጀመሪያ በዳኝነት፣ ኋላ በጥብቅና። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ወጣቶች ቤቴ ይመጡና "ጋሼ፣ ሰብአዊ መብት እኛ አገር ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም ወይ?" ይሉኛል። መልሴን ለሁላችሁም ልጻፍላችሁ።

ወረቀቱን አትናቁት። ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በተባበሩት መንግሥታት ሲጸድቅ፣ ደግፈው ድምፅ ከሰጡት 48 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ምዕራፍ ሦስትን በሙሉ ለመብት ሰጥቶታል። ሌላው ቢቀር አንቀጽ 19ን አንብቡ። የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ይነገረዋል። ዝም የማለት መብት አለው። የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ግን 48 ሰዓቱን ማን ይቆጥራል? የታሰረው ሰው ስልኩም የለው፣ መውጫም የለው። የሚቆጥርለት ውጪ ያለ ሰው ነው። ችሎት ተቀምጬ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ጠያቂ ያለው ቶሎ ይቀርባል፣ ጠያቂ የሌለው ይረሳል። እናቱ ምሳ ይዛ በሩ ላይ ከቆመች፣ ጓደኞቹ "በምን ተጠረጠረ? መቼ ይቀርባል?" እያሉ በትሕትና ከጠየቁ፣ ያሰረውም ሰው ይጠነቀቃል። አንቀጽ 21 እስረኛ በትዳር ጓደኛው፣ በዘመዱ፣ በጓደኛው፣ በሃይማኖት አባቱ፣ በሐኪሙና በጠበቃው እንዲጎበኝ ይፈቅዳል። ስለዚህ ሂዱ። የተያዘበትን ቀንና ሰዓትም ጻፉ። እኛን የጎዳን "ምን አገባኝ" ነው።

አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ዛሬም ከዓይኔ አትጠፋም። ባሏ እንደሞተ ወንድሙ ማሳዋን አረሰው። "የአባቶቼ መሬት ነው፣ ሴት ምን ታደርግበታለች" አለ። እሷ የይዞታ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አኑራዋለች፤ ማንበብ ግን አትችልም። አንዲት ተማሪ የጎረቤት ልጅ ገልጣ አነበበችላት። የባሏም የእሷም ስም ተጽፏል፣ የሁለቱም ፎቶ ተለጥፏል። ከሰሰች። ሰውየው ባለጉልበት ነበርና ምስክሮቿ ፈርተው ቀሩ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው በእግራቸው መጡ። የጋቢያቸው ጠርዝ በጤዛ ርሷል። ማሉና "ከባሏ ጋር ስታርም፣ ስታጭድ፣ ስትወቃ አይቻለሁ" አሉ። መሬቷ ተመለሰላት። አንቀጽ 35 ለሴት በመሬት ላይ እኩል መብት ይሰጣል። ያለዚያች ልጅና ያለ እኒያ ሽማግሌ ግን እኔ ዳኛው ምንም አላደርግላትም ነበር።

ሽምግልናን አከብራለሁ። የድንበርና የብድር ጠብ በሽማግሌ ቢያልቅ ደስ ይለኛል። ጠለፋና ያለዕድሜ ጋብቻ ግን በሽምግልና አይድበስበስ። በ1949ኙ የወንጀል ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ ያመልጥ ነበር። በ1996ቱ ሕግ ጋብቻው አያድነውም። ይህ ለውጥ የመጣው ሴቶች፣ በተለይም የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አባላት፣ ሳይታክቱ ስለጮኹ ነው። የክፍላችሁ ልጅ ድንገት ከትምህርት ከቀረች ጠይቁ። 18 ሳይሞላት ሠርግ እየተደገሰላት ከሆነ ለአስተማሪ ንገሩ።

አሁን ያለንበት ጊዜ ከባድ ነው። "በተኩስ መሀል ምን መብት አለ" የሚሉኝ አሉ። አለ። አስቸኳይ ጊዜ ቢታወጅ እንኳ የማይነኩ መብቶችን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ይዘረዝራል፤ ከጭካኔና ከኢሰብአዊ አያያዝ መጠበቅ አንዱ ነው። መሣሪያ የያዘ ሁሉ፣ የየትኛውም ወገን ይሁን፣ እጁ የገባን ሰው ማሰቃየት አይችልም። ከሁሉ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ የምትጠሉት ሰው ሲደበደብም "በሕግ አምላክ!" ማለት አለባችሁ። አባቶቻችን በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይሉ ነበር። የተደብዳቢን ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ እየተቀባበሉ "እሰይ!" ማለት ያሳፍረኛል፣ ያሳዝነኛልም። እባካችሁ አታድርጉት።

በደል ስታዩ ቀኑንና ቦታውን መዝግቡ፣ ያያችሁትን ከሰማችሁት ለዩ። ተበዳዩ ሳይፈቅድ ስሙንም ፎቶውንም ፌስቡክ ላይ አትልቀቁ፤ ሌላ ጣጣ ታመጡበታላችሁ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፣ አቤቱታ የሚቀበለውም ያለ ክፍያ ነው። ጠበቃ ማቆም ላልቻለ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። መጻፍ የማይችል ሰው ካለ አብራችሁት ሂዱ። ማመልከቻውን ጻፉለት፣ ኮፒውንም እናንተ ጋ አስቀምጡለት።