ሬጉሌተርና የታንክ ቫልቭ ውሃ ውስጥ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ስኩባ (የአየር ታንክ ይዞ የመጥለቅ) ዕቃ ከጠየቃችሁኝ ውስጥ ደጋግሞ የመጣውን መርጫለሁ።

የታንኩ አየር ግፊት 200 ባር ነው። ሳንባችን እንዴት አይፈነዳም?
ሬጉሌተሩ፣ ማለትም ከታንኩ አየር የሚያደርሰን ዕቃ፣ ግፊቱን ሁለት ጊዜ ስለሚቀንሰው። ታንኩ ላይ የሚታሰረው ክፍሉ ከውሃው ግፊት በላይ ወደ 10 ባር ገደማ ያወርደዋል። አፍ ላይ ያለው ደግሞ ከውሃው ጋር እኩል ያደርገዋል። የማድቤቱ ጋዝ ሬጉሌተርም ግፊት ይቀንሳል፤ የስኩባው ግን በወረዳችሁ ቁጥር ራሱን ያስተካክላል። ሳንባን የሚጎዳው ትንፋሽ ይዞ ወደ ላይ መውጣት ነው።

30 ሜትር ላይ አየሬ ቶሎ አለቀ። ያፈሳል እንዴ?
ላያፈስ ይችላል። እዚያ ግፊቱ 4 ባር፣ ላይ ደግሞ 1 ባር ስለሆነ እያንዳንዱ ትንፋሽ ላይኛው ከሚወስደው 4 እጥፍ አየር ይወስዳል። ላይ አንድ ሰዓት የሚያቆይ ታንክ እዚያ ሩብ ሰዓት ነው። ከተደናገጣችሁማ አትጠይቁኝ።

የታንኩን ቫልቭ እስከ መጨረሻ ከፍተህ ሩብ ዙር መልሰው ይሉናል። ልክ ነው?
የቆየ ልማድ ነው፤ እኔ አልወደውም። ሰው አቅጣጫው ይምታታበትና ዘግቶ ሩብ ዙር ብቻ ይከፍታል። ክፋቱ ደግሞ ጀልባው ላይ አያስታውቅም። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 200 ያሳያል፣ አየሩም ይመጣል። ታች ግን በአንድ ትንፋሽ ብዙ አየር ይፈለጋል፤ ጠባቧ ክፍተት አታደርስም። ታንኩ እየጎደለ ሲሄድ ደግሞ ይብሳል። ምልክቱ የጌጁ ቀስት ነው፦ አየር ስትስቡ ዝቅ ይላል፣ ስታቆሙ ይመለሳል። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ቀስቱን እያያችሁ በሬጉሌተሩ ደጋግማችሁ በኃይል አየር ሳቡ። ቫልቩን ደግሞ እስከ መጨረሻ ክፈቱት፣ በቃ።

ሬጉሌተሩ ቢበላሽ አየር ይቆረጥብኛል?
አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። ሲበላሽ ክፍት ሆኖ እንዲቀር ነው የተሠራው። አየሩ ሳያቋርጥ ይፈስሳል። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በረዶ ሲይዘውም እንዲሁ። አየር አላችሁ ማለት ነው፣ ግን ታንኩ በደቂቃዎች ባዶ ይሆናል። የጓደኛችሁን ትርፍ የአፍ ሬጉሌተር ተቀብላችሁ በቀስታ ውጡ።

ሬጉሌተሩን ከታንኩ ቫልቭ ጋር ለማገናኘት ዲን (የሚጠመዘዝ) ወይስ ዮክ (ቫልቩን ከውጭ የሚይዝ)?
ዲን። ወደ ቫልቩ ውስጥ ስለሚጠመዘዝ ኦሪንጉ (አየር እንዳያፈስ የሚያደርገው የጎማ ቀለበት) በቀላሉ አይወጣም። ለኪራይ ታንክ የዮክ አስማሚ ያዙ።

ጅቡቲ ጠልቄ በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ ብበርስ?
አይሆንም። አንዴ ብቻ ከጠለቅህ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከደጋገምክ ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቅ። አውሮፕላኑ ውስጥ ግፊቱ ሲቀንስ ስትጠልቅ ሰውነትህ ውስጥ የገባው ናይትሮጅን አረፋ ሊሆን ይችላል፤ ስትወርድም አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በመኪና ብትመጣም ያው ነው፣ ዳገቱን ስትወጣ ግፊቱ ይቀንሳል።