«ባህር በሌለበት አገር» ለሚሉሽ

ከመሐል ሜዳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ጨርሰሻል፣ ስለ ኦሽን ትራኪንግ ኔትወርክ አንብበሽ እንዲህ ያለ የብዙ አገር የባህር እንስሳት መከታተያ ኔትወርክ እንዴት እንደሚተዳደር ማስተርስ ልማርበት ወይ ብለሻል። አባትሽ ደግሞ «ባህር በሌለበት አገር የዓሳ ትምህርት ምን ያደርጋል፣ ባንክ ግቢና ታናናሾችሽን አግዢ» ብለውሻል። እንግሊዝኛሽም አስፈርቶሻል። እንግሊዝኛው በየቀኑ ከጻፍሽበት ይመጣል፣ እሱ አያሳስብሽ።

ባህር የለንም የሚለው ወሬ ግን ያንገበግበኛል፣ ስንት ጎበዝ ልጅ አስቀርቷል። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ላይ መርከበኛ ይሰለጥን የለ እንዴ? ደግሞ አንቺ ያየሽው ስራ ዓሳ ማጥመድ አይደለም። ሻርኩ ወይ ሳልመኑ ላይ ድምፅ የምታወጣ ትንሽ ታግ ይደረጋል፣ ራዲዮ ጨው ውሃ ውስጥ ስለማይሄድ በድምፅ ነው፣ ከባህሩ ስር የተቀመጠው መቀበያ እንስሳው በአጠገቡ ሲያልፍ የታጉን ቁጥርና ሰዓቱን ይመዘግባል። መቀበያው የሚሰማው የተወሰነ መቶ ሜትር ነው፣ ቢበዛ አንድ ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ እንስሳው ግን አገር እያቆራረጠ ይሄዳል፣ ስለዚህ ካናዳዊቷ ያደረገችው ታግ አሜሪካዊው ባስቀመጠው መቀበያ ላይ ይሰማል፣ እሱ ጋ ያለው ግን የማን እንደሆነ የማያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን ከባለቤቱ የሚያገናኝ የጋራ ዳታቤዝና ስምምነት ከሌለ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ቀሩ ማለት ነው። ኔትወርኩ እ.ኤ.አ. በ2008 ካናዳ ሃሊፋክስ ዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ ላይ የተነሳው ለዚህ ነው፣ አውስትራሊያና አውሮፓም የየራሳቸው አላቸው፣ ደቡብ አፍሪካም አላት።

እና የማስተዳደሩ ጣጣ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ዳታው የማን ነው፣ ታጉን የገዛው ወይስ መቀበያውን ያስቀመጠው? ተመራማሪዋ ጽሁፏን እስክታሳትም ዳታዋ እስከ መቼ ተዘግቶ ይቆይ? ሊጠፋ የደረሰ ሻርክ ያለበት ቦታ ወዲያው ይፋ ቢሆንና አጥማጅ ቀድሞ ቢደርስስ? አምራቹ ካምፓኒ የታጉን ኮድ ቆልፎ የሌላ ካምፓኒ መቀበያ እንዳይሰማው ቢያደርግ ኔትወርኩ ዝም ይላል? እዛው ካናዳ ብራስ ዶር ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩት የሚክማቅ ነባር ህዝቦች ምን ይጠና የሚለውን አብረው ይወስናሉ ወይስ ውጤቱ ብቻ ይነገራቸዋል? ፈንዱ ሲያልቅስ የሰርቨሩን ማን ይከፍላል?

እስቲ አያቶችሽን የመንዝ ህዝብ በጋራ ሲጠብቀው ስለኖረው የጓሳ ሳር መሬት ጠይቂያቸው። አባ ቄራ የሚባል የጥበቃ አለቃ ተመርጦ፣ ሳሩ ለዓመታት ተዘግቶ፣ በቀኑ ሲከፈት ሁሉም እኩል እየገባ፣ ቀድሞ የገባ እየተቀጣ ስንት ዘመን ቆየ፣ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መጥቶ ቄሮ የሚባለው ይሄ የጥበቃ ስርዓት ሲፈርስ ደግሞ ሳሩ ላይ የደረሰውን ይነግሩሻል፣ በኋላ ህዝቡ እንዴት አድርጎ መልሶ ማስጠበቅ እንደጀመረም ጠይቂ። የጋራ ነገር በምን እንደሚቆምና በምን እንደሚፈርስ ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም፣ እና ለስኮላርሺፕ በምትጽፊው ደብዳቤ ላይ ይሄን ጻፊ፣ ሃሊፋክስ ያደገ ልጅ ይሄን አያመጣም።

ወደ ገንዘቡ ስመጣ አባትሽን አከብራለሁ፣ ግን የታናናሾችሽ ትምህርት ያንቺ እዳ አይደለም። የባንክ ጀማሪ ደሞዝ ከቤት ኪራይ ተርፎ አራት ልጅ አያስተምርም፣ ይሄን ቁጭ ብለሽ በወረቀት አስልተሽ አሳያቸው። የምትችይውን ቁረጪና በየወሩ ላኪ፣ ከዛ በላይ ሲጠየቅ እምቢ በይ። አንቺም ብትሆኚ መሬት አከራይቶ በሬ ሸጦ በራስ ክፍያ ውጭ መሄድን እንዳታስቢው፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ ካልሆነ ይቅር።

እኔ የግብርና ምርምር ውስጥ የበግ እርባታ መዝገብ ይዤ ነው ዳታ የተማርኩት፣ ስለዚህ አንቺንም በቀጥታ ማስተርስ ግቢ አልልሽም። መጀመሪያ ምርምር ያለበት ቤት የዳታ ስራ ፈልጊ፣ ደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ጠይቂ፣ ጓሳ ላይ ጭላዳ የሚያጠኑትን ጠይቂ፣ ደሞዙ ቢያንስም ግቢበት። የተዝረከረከ መዝገብ አስተካክሎ ሌላ ሰው እንዲረዳው ማድረግን እዛ ነው የምትለምጂው፣ ማታ ማታ ዳታቤዝ የሚጠየቅበትን ኤስኪውኤልና ዳታ የሚተነተንበትን አር የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ተለማመጂ። ግላቶስ የሚባል የአር ፓኬጅ አለ፣ በነጻ ነው፣ የታግ ዳታ የሚተነተንበት፣ የመጣውም ከባህር ሳይሆን ከሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ጥናት ነው፣ ይሄንንም ለአባትሽ ንገሪልኝ።

ለፕሮፌሰር ኢሜይል ስትጽፊ ሻርክ እወዳለሁ ብለሽ አትጀምሪ። ዳታው ለማን፣ መቼ ይከፈት በሚለው ላይ ያለሽን ሀሳብ በአንድ ገጽ ጻፊ፣ ረቂቁን መጀመሪያ ለኔ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።