የ9 ቮልት ባትሪ

ባለፈው ሳምንት ፈረንጅ አራዳ ቡና ስንጠጣ አንድ ጊታር የሚማር ልጅ «ጋሼ፣ አኩስቲኩንም ኤሌክትሪኩንም በአንድ የጊታር ድምፅ ማጉያ፣ በአንድ አምፕ ብጫወት ምን አለበት?» አለኝ። መልሱ አጭር ነው፤ እኔ ግን ስኒዬን ይዤ ዝም አልኩ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ እዚሁ ጅማ ሰርግ ላይ እንጫወታለን። ሚያዝያ ነው፤ ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድባል። (አዝማሪው አጎቴ እንዲህ ባለው ቀን የማሲንቆውን ቆዳ እሳት ሳያሞቅ አይነካውም ነበር።) የሙሽራዋ አባት ትዝታ አዘዙ። ገመዱን ከኤሌክትሪኩ ነቅዬ አኩስቲኩ ላይ ሰካሁት። አምፑን አልቀነስኩም፣ የኤሌክትሪኩን ድምፅ የሚያሻክረው የዲስቶርሽን ፔዳልም እንደበራ ነው። ሰው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። ፔዳሉን ረግጬ ሳጠፋው ደግሞ ድምፁ እንደ ጉንፋናም ጉሮሮ ይሰነጣጠቅ ጀመር። አባትየው ያወጡትን መሀረብ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ይሄኔ ወደ ሚክሰሩ ዞሬ፣ ድምፅ የሚቆጣጠረውን ልጅ በማይክ «አንተ ደነዝ!» አልኩት። አዳራሹ ሳቀ።

ማታ ቤቴ የጊታሩን ባትሪ አውጥቼ ምላሴ ላይ አስነካሁት። አልነዘረኝም፤ ሞቷል። ከልምምድ በኋላ ገመዱን ሳልነቅል ማሳደር ልማዴ ነበር፤ አኩስቲኩ ውስጥ ያለው ትንሽ ማጉያ፣ ፕሪአምፑ ደግሞ ገመድ እስከተሰካበት ድረስ ባይጫወቱበትም ባትሪ ይበላል። የሰደብኩት የሚክሰሩ ልጅ ከዚያ ወዲያ አልመጣም።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። ኤሌክትሪኩ በፔዳል በኩል ወደ አምፕ፣ አምፑ ፊት ማይክ። አኩስቲኩ አምፑን ሳይነካ የጊታርን ድምፅ ለሚክሰር በሚያስማማው ትንሽ ሳጥን፣ በዲአይ ቦክስ ወደ ሚክሰር። የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ ወዲያ ያለውን ቀጭን ድምፅ እየቆረጠ ይጥላል። ለኤሌክትሪክ ማለፊያ ነው፤ የአኩስቲክ ክር ጥራት ግን ያለው እዚያ ነው። የስፒከሩ ድምፅ ወደ አኩስቲኩ እየተመለሰ ከጮኸ የሆዱን ቀዳዳ በጎማ ክዳን ድፈኑት። እምም የሚል ድምፅ ካስቸገረ ዲአዩ ላይ ግራውንድ ሊፍት የሚል ቁልፍ አለ። እሱን ትታችሁ፣ ከኤሌክትሪክ አደጋ የሚጠብቀውን የኤክስቴንሽን ኧርዝ ሽቦ የምትበጥሱትን አይቻለሁ፤ 220 ቮልት ነው እኮ!

የዛሬ ልጆች ፔዳል ትሰበስባላችሁ፣ ጊታር ሳትቃኙ መድረክ ትወጣላችሁ። ዕቃ አታብዙ። እኔ ራሴ ግን ሦስት ትርፍ ገመድ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም።

ያን የሚክሰር ልጅ አምና ሂርማታ አገኘሁት፤ የስልክ ዕቃ ሱቅ ከፍቷል። አላወቀኝም፣ ወይም እንዳላወቀ ሆነ። «9 ቮልት አለህ?» አልኩት። አወጣልኝ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ።