ስለ ኪንደርዳይክና ስለ ፖልደር የጀልባ ጉዞ፦ ከጎንደር የሚመጡ እናታቸውን ይዘው ለሚሄዱት እህታችን

እህታችን፣ ጥያቄዎን እንደተረዳሁት በጁላይ ወር እናትዎ ከጎንደር ወደ ፍራንክፈርት ይመጣሉ፤ እርስዎም ከእሳቸውና ከሁለቱ ልጆችዎ ጋር ሮተርዳም ሁለት ቀን ለማሳለፍ አስበዋል፤ በሆላንድ ገጠር ውስጥ የሚደረገው አጭር የጀልባ ሽርሽር ሰባ ዓመት ላለፋቸው እናት የሚመች መሆኑንና በከተማ ቦዮች ላይ ከሚደረገው ጉብኝት ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ የምኖረው ሮተርዳም አጠገብ ስለሆነ፣ ከኢትዮጵያም ከአሜሪካም የመጡ ዘመዶቼን ይዤ ወደነዚህ ቦታዎች በተደጋጋሚ ሄጃለሁና በልምድ የማውቀውን ልጻፍልዎት። ባጭሩ፣ ይሂዱ፤ ከሮተርዳም ለሚነሣ ቤተሰብ ደግሞ ከሁሉ የሚመረጠው የነፋስ ወፍጮዎች ያሉበት ኪንደርዳይክ የተባለው ቦታ ነው። ሆኖም ጉዞው የሚጥመው የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ አስቀድሞ ለገባው ሰው ስለሆነ፣ ስለ ትኬትና ስለ ሰዓት ከመጻፌ በፊት ስለ ቦታው ጥቂት ማለት ግድ ይለኛል።

ምንም ሳይነገረው ጀልባ ላይ የወጣ እንግዳ የሚያየው አረንጓዴ ሜዳ፣ የሚግጡ ላሞች፣ ሸምበቆና የቆሙ የነፋስ ወፍጮዎች ነው፤ «ያምራል» ይልና ከሩብ ሰዓት በኋላ ስልኩን መነካካት ይጀምራል። ያ ሜዳ ግን ዝም ብሎ የተኛ ሜዳ አይደለም። ፖልደር ዙሪያውን በአፈር ግድብ ታጥሮ፣ ዝናብ የሚጥልበትና ከሥር የሚመነጭበት ውኃ ሌት ተቀን እየተቀዳ የሚወጣለት ዝቅተኛ መሬት ነው፤ መቅዳቱ ቢቋረጥ ሜዳው ቀስ በቀስ ተመልሶ ረግረግ ወይም ሐይቅ ይሆናል። ከኔዘርላንድስ ምድር አንድ አራተኛ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ሲሆን፣ ዝቅተኛው ቦታ ከሮተርዳም ብዙም ሳይርቅ ኒውከርክ አን ደን አይሰል አጠገብ ይገኛል፤ ጥልቀቱም 6.76 ሜትር ነው። እናትዎ በመኪና ሲያልፉ አንድም ነገር ሳያስተውሉ ያልፉበታል።

ኪንደርዳይክ የሚገኝበት አልብላሰርዋርድ የተባለው አካባቢ በመካከለኛው ዘመን ረግረግ ነበር። ገበሬዎቹ ቦይ እየቆፈሩ ውኃውን ወደ ወንዝ ያፈሱት ጀመር፤ ነገር ግን አፈሩ ለዘመናት ከተከማቸ የዕፅዋት ብስባሽ የተሠራ ስለነበር ውኃው ሲወጣለት ተኮማተረ፣ አየር ሲያገኘውም እየበሰበሰ ዝቅ አለ፤ መሬቱ ዝቅ ባለ ቁጥር ደግሞ ውኃው በራሱ ቁልቁል ወደ ወንዙ መውረዱ እየቀረ ሄደ። መሬቱን ያደረቀው ሥራ ራሱ መሬቱን አሰመጠው ማለት ነው፤ ለእናትዎ ከዚህ ቦታ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ የሚነግሯቸው ቢሆን ይህን እንዲነግሯቸው እመክራለሁ። በ1738 እና በ1740 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሁለት ረድፍ የተሠሩት ወፍጮዎች የመጡት በዚህ ችግር ነው። በስም ወፍጮ ይባሉ እንጂ አንድም ፍሬ እህል ፈጭተው አያውቁም፤ ነፋሱ ክንፎቹን ሲያዞር በውስጣቸው ያለው ትልቅ መንኰራኵር ከታችኛው ቦይ ውኃ እየዛቀ ወደ ላይኛው ቦይ ያወጣል፤ ውኃውም በላይኛው ቦይ ተይዞ ይቆይና ሌክ የተባለው ወንዝ ዝቅ ሲል በሩ ተከፍቶለት ወደ ወንዙ ይለቀቃል።

ዛሬ በቦታው የቆሙት ወፍጮዎች 19 ሲሆኑ፣ ዩኔስኮ በ1997 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ጀልባው ሲሄድ ልጆችዎ ልዩነታቸውን እንዲፈልጉ ያድርጉ፤ ከ19ኙ አሥራ ስድስቱ በሁለቱ ረድፎች የቆሙ ሲሆኑ፣ በአንደኛው ወገን ያሉት ስምንቱ በጡብ የተሠሩ ክብ ናቸው፤ በሌላው ወገን ያሉት ስምንቱ ደግሞ ስምንት ማዕዘን ያላቸውና በሸምበቆ የተከደኑ ናቸው። ይህ የሆነው ለውበት ተብሎ ሳይሆን፣ የታችኛውንና የላይኛውን አገር ውኃ የሚያስተዳድሩት ሁለት የውኃ ቦርዶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቦይና የየራሳቸውን ወፍጮ ጎን ለጎን ስለሠሩ ነው። የውኃ ቦርድ በዚህ አገር እንደ ዋዛ የሚታይ መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የነበረ፣ ዛሬም ግብር የሚሰበስብና የራሱ ምርጫ የሚደረግለት ነው፤ እኔም በየዓመቱ እከፍላለሁ፣ ስከፍል ባጉረመርምም ዝናብ በበዛበት ሳምንት ምድር ቤቴ ደረቅ ሆኖ ሳገኘው እተወዋለሁ።

በ1868 የእንፋሎት ፓምፕ መጣ፤ ኋላም በናፍጣ የሚሠራ ተተካ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነዳጅ ሲጠፋ ግን አሮጌዎቹ ወፍጮዎች እንደገና ወደ ሥራ ተጠሩ። ዛሬ ከባዱን ሥራ የሚሠሩት መግቢያው አጠገብ የሚታዩት ግዙፍ ጠመዝማዛ ፓምፖች ናቸው። እንግዶች ወደ ወፍጮዎቹ ስለሚቸኩሉ ሳያዩአቸው ያልፋሉ፤ እኔ ግን ሰው ስወስድ መጀመሪያ እዚያ አቆመዋለሁ፤ ምክንያቱም ፓምፖቹን ያየ ሰው ወፍጮዎቹ የድሮ ጌጥ ብቻ እንዳልሆኑና ሥራው አሁንም እንደቀጠለ በዓይኑ ይረዳዋል።

ወደ ጀልባው ልምጣ። በቅርሱ ክልል ውስጥ የሚመላለሱት ጀልባዎች ዝቅ ያሉ፣ ጠፍጣፋና ቀርፋፋ ናቸው፤ ጉዞው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሲሆን በመሀል ወርዶ ወፍጮ ጎብኝቶ በሚቀጥለው ጀልባ መሳፈር ይቻላል። እናትዎ በጣና ላይ ወደ ገዳማት ተሻግረው የሚያውቁ ከሆነ ማዕበልና ርጭት ይጠብቁ ይሆናል፤ እዚህ ግን ቦዩ ጠባብ፣ ውኃውም የረጋ ስለሆነ ጀልባ የሚፈሩ ሰዎች እንኳ ተረጋግተው ሲቀመጡ አይቻለሁ። የሚያስቸግረው ነፋሱ ነው። ሮተርዳም ከተማ ውስጥ በሸሚዝ የሚያስኬድ ቀን እዚያ ሜዳ ላይ ብርድ ይሆናል፤ ወፍጮዎቹም እዚያ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ለእናትዎ ጋቢ ይያዙላቸው፤ መቀመጫቸውንም መስታወት ወይም ከለላ ባለበት በኩል ያድርጉ፤ ልጆቹ ግን ክፍት በሆነው ጫፍ ቢቀመጡ ይሻላል፤ ሽመላው በሸምበቆው መካከል እንደ ግንድ ደርቆ ቆሞ ዓሣ ሲጠብቅ የሚያዩት ከዚያ ነው።

ተቀምጠው ሳሉ የሚያስተውሉት ነገር ከፍታ ይሁን። ዓይንዎን ከቦዩ ውኃ ወደ ግድቡ ማዶ ወዳለው ግጦሽ ያሻግሩና የትኛው ከፍ እንደሚል ያስተያዩ፤ ውኃው ከላሞቹ መቆሚያ በላይ ሆኖ ሲያገኙት ቀድሞ የተነገረው ሁሉ ያኔ ትርጉም ያገኛል። ሁለተኛው የሚታየው የቆሙት ክንፎች አቀማመጥ ነው። በሆላንድ ወፍጮ ጠባቂዎች ልማድ፣ አንደኛው ክንፍ ጫፍ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከቆመ የደስታ ምልክት ነው፤ ጫፉን ጥቂት አልፎ ከቆመ ደግሞ ኀዘን አለ ማለት ነው። ብዙዎቹ ወፍጮዎች ዛሬም ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች ስለሆኑ ልብስ ተሰጥቶ፣ አትክልት ተኮትኩቶ ያያሉ፤ ለጉብኝት ከተከፈቱት በቀር ወደ ግቢያቸው መግባት ነውር ነው።

በአንዱ የሙዚየም ወፍጮ መውረድዎ አይቀርም፤ የወፍጮ ጠባቂው ቤተሰብ ይኖርበት የነበረው ጠባብ ክፍል፣ በግድግዳ ውስጥ የተሠራው አልጋና ምድጃው ሳይነካ ተቀምጧል፤ ከነፋሱ ጋር ሲነሡና ሲተኙ የኖሩ ሰዎችን ኑሮ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር የለም። እናትዎ ምድር ላይ ያለውን ክፍል ብቻ አይተው ቢመለሱ በቂያቸው ነው፤ ወደ ላይ የሚወስደው ደረጃ ቀጥ ያለ መሰላል ማለት ይቀላል፤ ጉልበት የሚያማቸው ሰው እንኳንስ ሊወጡት መውረዱም ያስቸግራቸዋል። ልጆቹን ያውጧቸው፤ ውጭ ሲሆኑ ግን ክንፎቹ ወደ መሬት ተጠግተው በፍጥነት ስለሚዞሩ ከአጥሩ እንዳያልፉ እጃቸውን ይያዙ።

ለመድረስ ከሮተርዳም ኤራስመስ ድልድይ ሥር የሚነሣውን የውኃ አውቶቡስ ቢመርጡ ጥሩ ነው፤ በወንዙ ላይ የመርከብ መሥሪያዎችንና አዳዲስ ሕንፃዎችን እያዩ ስለሚሄዱ መንገዱ ራሱ ጉብኝት ነው። መስመሩና ሰዓቱ እንደ ወቅቱ ስለሚለዋወጥ በዋዜማው ያረጋግጡ፤ አንዳንዴ በመሀል ጀልባ መቀየር ያስፈልጋል። የባንክ ካርድዎን መግቢያው ላይ በማስነካት መክፈል ይችላሉ። የጀልባውንና የወፍጮዎቹን ትኬት አስቀድመው በኢንተርኔት ይግዙ፤ በመንገዱ ላይ በእግር መሄድ ብቻ ግን ትኬት አይጠይቅም። በራይን ወንዝ የሚመጡት ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች እዚያው አጠገብ ሰው ስለሚያወርዱ ረፋዱ ላይ ይጨናነቃል፤ በሩ እንደተከፈተ መድረስ ወይም ከሰዓት በኋላ ዘግየት ብሎ መሄድ ይሻላል። ቀን መምረጥ ከቻሉ ቅዳሜን ይምረጡ፤ በበጋው ቅዳሜዎች ነፋስ ካለ የሚዞሩት ወፍጮዎች ከሌላው ቀን ይበዛሉ፤ የቆመ ወፍጮ አይቶ መመለስና ሲዞር እየጮኸ ሲያንጓጓ መስማት ደግሞ ጨርሶ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ስለ ምግቡ ሳልነግርዎ ማለፍ አልችልም። እናትዎ የሚጾሙ ከሆነ፣ ሐምሌ 5 ቀን ማለትም ጁላይ 12 እስኪደርስ የሐዋርያት ጾም ላይ ናቸው፤ ከዚያም በኋላ ረቡዕና ዓርብ አለ። በአካባቢው ያሉት ቡና ቤቶች የሚሸጡት አብዛኛው ነገር እንቁላል፣ ወተት ወይም አይብ ያለበት ነው፤ ድንች ጥብሱም ቢሆን በምን እንደተጠበሰ ካልጠየቁ አይታወቅም። ዳቦና ቆሎ በቦርሳ መያዝ ከዚህ ሁሉ ያድናል። መጸዳጃ ቤትም መግቢያው ላይ ሳሉ ይጠቀሙ። በጀልባው የሚሰማው ማብራሪያ በሆላንድ ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛና በመሳሰሉት እንጂ በአማርኛ አይደለምና አስተርጓሚው እርስዎ ነዎት። የእናትዎ ቪዛ ለሼንገን አገሮች ሁሉ የሚያገለግል ከሆነ ከጀርመን ለመሻገር ሌላ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም፤ ፓስፖርታቸውን ግን ሆቴል ትተውት አይውጡ።

እናቶች ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ የእርስዎም ይጠይቃሉ፦ «ይህ ግድብ ቢፈርስስ?» በእርግጥ ፈርሶ ያውቃል። በ1953፣ ጃንዋሪ 31 ለፌብሩዋሪ 1 አጥቢያ፣ ማዕበል የደቡብ ምዕራቡን ግድቦች ሰብሮ በኔዘርላንድስ 1,836 ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ በባሕሩ በኩል ታላላቅ መከላከያዎችን የሠራች ሲሆን፣ ሮተርዳምንና አካባቢዋን የሚጠብቀው ማዕበል ሲመጣ የወንዙን አፍ የሚዘጋው ማስላንት የተባለው ግዙፍ በር በ1997 ተመርቋል። ይህን ስነግራቸው የሚረጋጉም አሉ፣ ቶሎ ወደ ፍራንክፈርት እንመለስ የሚሉም አሉ።

በሁለተኛው ቀን ወደ ሰሜን ለመሄድ ከፈለጉ፣ ብዙ ሰው የሚያወድሰውን ጊትሆርንን እኔ ለእናንተ አልመርጠውም። መንደሩ ውብ ነው፤ ነገር ግን ከሮተርዳም ሩቅ ነው፣ በጁላይም ጀልባዎቹ እርስ በርስ የሚጋጩበት ገበያ ይሆናል። ዛንሰ ስካንስም ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ቤቶቹና አብዛኞቹ ወፍጮዎች ግን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከሌላ ቦታ ተነሥተው የመጡ፣ ሥራቸውም እንጨት መሰንጠቅና ዘይት መጭመቅ የነበረ ስለሆነ የፖልደርን ነገር አያስረዱም። ልጆች ላሉት ቤተሰብ የተሻለው ከአልክማር አጠገብ ብሩክ ኦፕ ላንገዳይክ ያለው የአሮጌው የአትክልት ጨረታ ሙዚየም ነው። ጨረታው በ1887 የተጀመረ ነው፤ ቦታው ገበሬዎቹ ጎመናቸውን በጀልባ ጭነው እየመጡ ይሸጡበት የነበረ አዳራሽ ሲሆን፣ ጀልባው ከነጭነቱ በአዳራሹ ውስጥ ያልፍ ነበር። ልጆችዎ ከትልቁ ዋጋ ወደ ትንሹ የሚወርደውን ሰዓት ቁልፍ ተጭነው በማቆም ራሳቸው ይጫረታሉ፤ ከዚያም ጀልባ ተሳፍረው የቀሩትን ትናንሽ የእርሻ ደሴቶች ይዞራሉ። ከዝዋይ አካባቢ የሚላከው ጽጌረዳ በአልስሜር የአበባ ጨረታ ሲሸጥ የኖረው በዚሁ ዓይነት ወደ ታች በሚቆጥር ሰዓት ነውና፣ ለልጆቹ ይህን ቢያነሱላቸው የአገራቸውን አበባ መንገድ በዚያው ይማራሉ።

ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ቀን ለማጣመር ግን አይሞክሩ፤ በመካከላቸው ከመቶ ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ አለ፣ እናትዎም ከባቡር ወደ አውቶቡስ ሲሉ ይደክማሉ። አንዱን ብቻ የሚመርጡ ከሆነ ኪንደርዳይክን ይያዙ፤ ወደ ሮተርዳም የሚመለሰው የመጨረሻው የውኃ አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ግን ጠዋት ሲደርሱ መውረጃው ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ አንብበው ፎቶ ያንሱት።